ሩሲያኛን ከፊደል መጀመር፡ የነፃ ትምህርት ዕድሉ ዕጣ የሚወሰንበት የመሰናዶ ዓመት

በሩሲያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለመማር ዕድል ያገኘ ወጣት ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው ስድስት ዓመት ነው። ወጣቱ ሩሲያኛ የማያውቅ ከሆነ ግን ቆይታው ሰባት ዓመት ይሆናል። የተጨመረው ዓመት የሚገኘው በትምህርቱ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ነው። ተማሪው ሕክምናም ሆነ ምህንድስና ከመጀመሩ በፊት በዩኒቨርሲቲው የመሰናዶ ፋኩልቲ ተመዝግቦ ከፊደል ቆጠራ ይነሣል።

ይህ ዓመት በብዙዎች ዘንድ እንደ መለማመጃ ወይም እንደ መሸጋገሪያ ጊዜ ይቆጠራል። በተግባር ግን የነፃ ትምህርት ዕድሉ ውጤት በአመዛኙ የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ወራት ውስጥ ነው። የመሰናዶውን የማጠቃለያ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ወደ አንደኛ ዓመት መሸጋገር አይችልም። በአነስተኛ ውጤት ያለፈውም ቢሆን በቀጣዮቹ ዓመታት በሙያ ትምህርቱ ላይ የቋንቋ ችግር ተደርቦበት ይማራል። በመሆኑም ተማሪዎችን የሚመለምሉ፣ ሰነዶቻቸውን የሚያረጋግጡና ጉዞአቸውን የሚያመቻቹ መሥሪያ ቤቶች የዚህን ዓመት ባህርይ በቅርበት ሊያውቁት ይገባል።

የመሰናዶ ዓመቱ አሠራር

የሩሲያ መንግሥት ለውጭ አገር ዜጎች በየዓመቱ የሚመድበው የነፃ ትምህርት ኮታ እ.ኤ.አ ከ2023 ጀምሮ እስከ 30 ሺህ እንዲደርስ ተደርጓል። ዕድሉ የትምህርት ክፍያን፣ መጠነኛ ወርኃዊ የኪስ ገንዘብንና በተማሪዎች መኖሪያ የመቀመጥ መብትን ያካትታል። የአውሮፕላን ትኬትና የጤና መድን ወጪ ግን በተማሪው የሚሸፈን ነው። ቋንቋውን ለማያውቁ ተማሪዎች የአንድ ዓመት የመሰናዶ ትምህርት በዕድሉ ውስጥ ተካትቶ ይሰጣል።

የመሰናዶ ትምህርቱ የቋንቋ ኮርስ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪው ፊደል፣ አነባበብና መሠረታዊ ሰዋስው ይማራል። ከዚያ በኋላ ወደፊት ከሚገባበት የሙያ መስክ ጋር የተያያዙ የትምህርት ዓይነቶች በሩሲያኛ መሰጠት ይጀምራሉ። ወደ ምህንድስና የሚያመራው ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኢንፎርማቲክስ ይማራል። ወደ ሕክምና የሚያመራው ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ፊዚክስ፣ ወደ ኢኮኖሚክስ የሚያመራው ደግሞ ሒሳብ፣ ታሪክና የኅብረተሰብ ሳይንስ ይወስዳል። ከጥቂት ወራት በፊት ሰላምታ መለዋወጥ የማይችል የነበረ ወጣት በዓመቱ አጋማሽ በአዲሱ ቋንቋ የኬሚስትሪ ትምህርት ተከታትሎ ማስታወሻ እንዲይዝ ይጠበቅበታል።

የውጭ ዜጎች የሩሲያኛ ብቃት የሚለካው ስድስት ደረጃዎች ባሉት ፈተና ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀው ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር ሦስተኛው፣ በስያሜው ግን «አንደኛ ደረጃ» የሚባለው ነው። ለዚህ ደረጃ የተወሰነው ዝቅተኛ የቃላት ክምችት 2 ሺህ 300 ነው። በመጀመሪያው የጀማሪዎች እርከን የሚጠየቀው 780፣ በሁለተኛው ደግሞ 1 ሺህ 300 ቃላት ነው።

የኃላፊነቱን ክብደት ለመገንዘብ ቀላል ስሌት ማድረግ ይቻላል። የትምህርት ጊዜው 36 ሳምንት ነው ብንል፣ ተማሪው በሳምንት 64 ያህል አዳዲስ ቃላትን በማያቋርጥ ሁኔታ መያዝ አለበት። በሰነድ ወይም በቪዛ መጓተት ምክንያት ስምንት ሳምንት ዘግይቶ የደረሰ እንደሆነ ግን ቀሪው ጊዜ 28 ሳምንት ስለሚሆን ሳምንታዊ ሸክሙ ወደ 82 ቃላት ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ ዘግይቶ የሚገባው የፊደሉና የአነባበቡ ትምህርት ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ፋይል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ወር ሲቀመጥ ዋጋውን የሚከፍለው ተማሪው መሆኑን ይህ ስሌት በግልጽ ያሳያል።

ከቀደሙት ተሞክሮዎች

ኢትዮጵያውያን ሩሲያኛን ከፊደል ጀምረው መማራቸው የቅርብ ጊዜ ጉዳይ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ወደ አገራችን መምጣቱና በዚያው ዘመን ጥቂት ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት ወደ «መስኮብ» አገር መላካቸው ይታወቃል። ከእነዚህ መካከል ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አንዱ ናቸው። ቋንቋውን ሳያውቁ በልጅነታቸው ተጉዘው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት የተከታተሉት እኚህ ሰው፣ ከተመለሱ በኋላ በ1923 ዓ.ም የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ በቅተዋል። በአማርኛ የመጀመሪያው ተውኔት የሚባለው «ፋቡላ»ም የእርሳቸው ሥራ ነው። በሩሲያ ያሳለፉትን ጊዜ «የሕይወቴ ታሪክ» በሚለው መጽሐፋቸው አስፍረውታል።

ትምህርቱ በስፋትና በተደራጀ መልክ መሰጠት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ በ1960 በሞስኮ የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ በኋላ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ1961 በፓትሪስ ሉሙምባ ስም ተሰይሞ ነበር። እ.ኤ.አ በ1992 ስያሜው የተነሣ ሲሆን እ.ኤ.አ በ2023 እንደገና ተመልሶለታል። በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ በአገር ውስጥ የሁለቱ ሕዝቦች የሙያ ግንኙነት አንዱ ምልክት ነበር። ከ1966ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ባሉት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሶቪየት ኅብረት ዩኒቨርሲቲዎች ተምረዋል። ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ የግብርና ባለሙያዎችና መምህራን ሆነው አገራቸውን ያገለገሉትም ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ሁሉ ጉዟቸውን የጀመሩት በዚያው የመሰናዶ ክፍል ነው።

ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ የተላኪዎች ቁጥር በመቀነሱ፣ ቋንቋው በአገራችን የነበረው ሥፍራ እየጠበበ መጣ። በአሁኑ ወቅት ግንኙነቱ በአዲስ መልክ በመጠናከር ላይ ይገኛል። ኢትዮጵያ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ ጀምሮ የብሪክስ አባል ሆናለች። እ.ኤ.አ በመስከረም 2025 ደግሞ በኒውክሌር ኃይል መስክ ለመተባበር ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። እንዲህ ዓይነቱ የረጅም ጊዜ ሥራ የሠለጠነ የሰው ኃይል የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሩሲያኛን ከፊደል የሚጀምሩ ወጣቶች ጉዳይ ዳግም ትኩረት የሚሻ ሆኗል።

አማርኛ ተናጋሪውን የሚጠብቀው

ሩሲያኛ ከባድ ቋንቋ ነው የሚለው አስተያየት የተለመደ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ተቋም ቋንቋዎችን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ባላቸው ክብደት ሲመድብ፣ ሩሲያኛን 44 ሳምንት ያህል የሙሉ ጊዜ ትምህርት ከሚጠይቁት መካከል አስቀምጦታል። አማርኛም በዚያው ምድብ ውስጥ የሚገኝ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። ክብደት የሚለካው ከተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋ አንጻር ስለሆነ፣ አማርኛ ተናጋሪው የት ላይ እንደሚቸገርና የት ላይ እንደሚቀለው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ፊደሉ የሚፈራውን ያህል አያስቸግርም። የሩሲያኛ ፊደላት 33 ሲሆኑ፣ ይህ ቁጥር የእኛው ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ካሉት መነሻ ሆሄያት ጋር እኩል ነው። እኛ እያንዳንዱን በሰባት መልክ ስንጽፍ እነርሱ በ33ቱ ብቻ ይጠቀማሉ። ችግሩ የሚመጣው ከእንግሊዝኛ ልማድ ነው። የእንግሊዝኛውን «ፒ» የሚመስለው ፊደል «ር» ይባላል፤ «ኤች» የሚመስለው «ን»፣ «ሲ» የሚመስለው ደግሞ «ስ» ነው። በመንገድ ላይ «ሬስቶራን» ተብሎ የተጻፈውን ማስታወቂያ አዲስ ገቢ ተማሪ «ፔክቶፓህ» ብሎ ቢያነበው የሚያስደንቅ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው በጽሑፍ የማይታየው የድምፅ ክብደት ጉዳይ ነው። በሩሲያኛ «ዛሞክ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ክፍል ጎላ ተደርጎ ሲነገር ግንብ ወይም የመሳፍንት ቤት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ሲጎላ ደግሞ የበር መቆለፊያ ይሆናል። አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ክብደት ያላረፈበት «ኦ» ወደ «አ» ስለሚጠጋም ወተት «ሞሎኮ» ተብሎ ተጽፎ «ማላኮ» ተብሎ ይነበባል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም «ገና» ብለን ጽፈን ሲጠብቅ በዓሉን፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን እንረዳለን፤ «አለ»ም ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል። ማጥበቅና ማላላት በፊደላችን እንደማይታይ ሁሉ የሩሲያኛም ክብደት በተራ ጽሑፍ ላይ አይመለከትም። ስለዚህ ቃሉን ከጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከነድምፁ መያዝ ግዴታ ነው።

ከድምፆች መካከል በይበልጥ የሚፈትነው የተነባቢዎች መጥናትና መለስለስ ነው። «ብራት» የሚለው ቃል መጨረሻው ሲጠና ወንድም፣ ሲለሰልስ መውሰድ ማለት ይሆናል። ይህን ልዩነት የአማርኛ ጆሮ በመጀመሪያው ወር አይሰማውም። በአንጻሩ ብዙ የውጭ ተማሪዎችን የሚያስቸግረው በ«ኢ»ና በ«እ» መካከል የሚወድቀው የሩሲያኛ አናባቢ፣ የእኛን ሳድስ ስለሚቀርብ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀለል ይላል።

ከሰዋስው በኩል ዋናው ተራራ ስድስቱ የስም ሙያዎች ናቸው። አማርኛ «በሞስኮ»፣ «ወደ ሞስኮ»፣ «ከሞስኮ» ሲል የሚለወጠው ከፊት ያለው መስተዋድድ ብቻ ነው፤ ስሙ አይነካም። በሩሲያኛ ከተማዋ «ሞስክቫ» ስትሆን በውስጧ ለመሆን «ቭ ሞስክቬ»፣ ወደ እርስዋ ለመሄድ «ቭ ሞስክቩ»፣ ከእርስዋ ለመምጣት «ኢዝ ሞስክቪ» ይባላል። የስሙ መጨረሻ ሁልጊዜ ይቀየራል ማለት ነው። ገንዘብ ሲቆጠርም 1 «ሩብል»፣ 2 «ሩብልያ»፣ 5 «ሩብሌይ» ይሆናል። በአማርኛ ግን ሁለትም አምስትም ሲሆን ብር ያው ብር ነው።

ግሶችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። «ፒሳል» ማለት ይጽፍ ነበር ሲሆን «ናፒሳል» ማለት ጽፎ ጨረሰ ነው። እያንዳንዱን ግስ በአመዛኙ ከነጥንዱ ማጥናት ያስፈልጋል። አማርኛ «ሄደ» በሚል አንድ ቃል የሚያልፈውን ሩሲያኛ በእግር የተሄደውን «ኢድቲ»፣ በተሽከርካሪ የተሄደውን «ዬኻት» ብሎ ይለያል።

አማርኛ ተናጋሪው ባዶ እጁን እንደማይሄድም መታወቅ አለበት። «መጽሐፉን አነበበ» ስንል «ን» ተሳቢውን እንደሚያመለክት ሁሉ ሩሲያኛም «ክኒጋ» የሚለውን «ክኒጉ» በማለት ተሳቢነቱን ያሳያል። «አነበበ» እና «አነበበች» ብለን ግሱን በጾታ እንደምንለይ እነርሱም በኃላፊ ጊዜ «ቺታል» እና «ቺታላ» ይላሉ። «አንተ» እና «እርስዎ» እንዳለን «ቲ» እና «ቪ» አላቸው። መምህርን በስሙና ከአባቱ ስም በወጣው መጠሪያ አጣምሮ መጥራት የአክብሮት ወግ በመሆኑም፣ ራሱን በስሙና በአባቱ ስም ለሚያስተዋውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። መምህራን እነዚህን መመሳሰሎች ቢጠቀሙባቸው ብዙ ሰዓት ይቆጥባሉ።

ሁለተኛው ሸክም፡ የሙያ ቃላት

የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳይንስን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ወደ ሩሲያ የሚሄደው ወጣት የሚያውቀውን ትምህርት በአዲስ ስም እንደገና መማር ይኖርበታል። «አቶም» እና «ፎርሙላ» የሚሉት ቃላት እንዳሉ ያገኛቸዋል። ኦክስጅን ግን «ኪስሎሮድ»፣ ሃይድሮጅን «ቮዶሮድ»፣ ካርቦን «ኡግሌሮድ» ይሆኑበታል። በአገር ውስጥ በከፍተኛ ውጤት የተመረጠ ተማሪ በመሰናዶ ክፍል ወደኋላ ሲቀር፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የሚያውቀውን ነገር በስሙ መጥራት አለመቻሉ ነው።

አንዳንድ የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የሕክምና ፕሮግራሞች አሏቸው። ይህ አማራጭ ሩሲያኛን ከመማር ነፃ ያወጣል ብሎ መገመት ግን ስሕተት ነው። ተማሪው ወደ ሆስፒታል የተግባር ልምምድ ሲገባ በሽተኛው ሕመሙን የሚነግረው በሩሲያኛ ነው። ቋንቋውን ያልያዘ ተማሪ ከመጽሐፍ የተማረውን በሰው ላይ ለማየት ይቸገራል።

ከትምህርት ክፍል ውጭም ቋንቋው የተማሪውን ደኅንነት ይነካል። የመኖሪያ ምዝገባ፣ የጤና መድን፣ የመኝታ ክፍል ውልና የባንክ ቅጾች በሩሲያኛ የሚዘጋጁ ናቸው። ቪዛና ማስተርካርድ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2022 በሩሲያ አገልግሎታቸውን ካቋረጡ ወዲህ በውጭ አገር የተሰጡ ካርዶቻቸው በዚያ አይሠሩም፤ ከቤተሰብ ገንዘብ መላክም ቀድሞ እንደነበረው ቀላል አይደለም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ አዲስ ገቢ ተማሪ በማይረዳው ቋንቋ የተጻፈ ማንኛውንም ሰነድ፣ በተለይም የሥራ ወይም የአገልግሎት ውልን፣ ሳያስተረጉም እንዳይፈርም ከመነሣቱ በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ምን ሊደረግ ይችላል?

በመጀመሪያ ደረጃ ሊታይ የሚገባው የጊዜ ጉዳይ ነው። የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዘመን መስከረም 1 ቀን እ.ኤ.አ ይጀምራል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል። የትምህርት ማስረጃን የማረጋገጥ፣ የማስተርጐም፣ የሕክምና ምርመራና የፓስፖርት ሥራ ከዚህ ቀን ወደኋላ ተቆጥሮ የጊዜ ሰሌዳ ሊወጣለት ይገባል። ይህ እርምጃ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚፈልገው በመሥሪያ ቤቶች መካከል መናበብን ነው።

ሁለተኛው ከጉዞ በፊት የሚሰጥ አጭር ትምህርት ነው። በተማሪው መመረጥና በጉዞው መካከል አብዛኛውን ጊዜ የተወሰኑ ወራት ያልፋሉ። በሳምንት አምስት ሰዓት ለስምንት ሳምንት ቢሰጥ 40 ሰዓት ይሆናል። ይህ ጊዜ ፊደሉን ለመለየት፣ ለማንበብ፣ ለመቁጠርና ራስን ለማስተዋወቅ ይበቃል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከል የቋንቋ ኮርስ በመስጠት የቆየ በመሆኑ ለዚህ ተግባር አጋር ሊሆን ይችላል። ከዋና ከተማው ውጭ የሚኖሩ ተመራጮችም እንዳይጓደልባቸው ትምህርቱን በድምፅ ቅጂና በኢንተርኔት ማድረስ ይቻላል።

ሦስተኛው በእጃችን ባለው የሰው ኃይል መጠቀም ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት በሶቪየት ኅብረት የተማሩ ባለሙያዎች ዛሬ በአብዛኛው በጡረታ ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚያውቁት፣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል ከራሳቸው ተሞክሮ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። ይህ ዕድል ለዘለዓለም የሚቆይ ባለመሆኑ፣ የጉዞ በፊት ትምህርቱን በማዘጋጀት ረገድ ዛሬውኑ ሊታሰቡ ይገባል።

አራተኛው የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ጋንኪን የተባሉት ሩሲያዊ የቋንቋ ምሁር በሞስኮ ያሳተሙት የአማርኛ-ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት የወጣው እ.ኤ.አ በ1969 ነው። ሥራው ታላቅ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቋንቋዎች በርካታ አዳዲስ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ጨምረዋል። በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ መሠረታዊ የሆኑ ቃላትን በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ ጎን ለጎን የያዘ አነስተኛ መድበል ማዘጋጀት ከዩኒቨርሲቲዎቻችን አቅም በላይ አይደለም።

በመጨረሻም ለተማሪውና ለቤተሰቡ የሚሰጠው መረጃ የተሟላ ሊሆን ይገባል። የትምህርቱ ጊዜ አንድ ዓመት የሚረዝም መሆኑ፣ ይህ ዓመት በፈተና የሚጠናቀቅ መሆኑና ወጪው ምን ምን እንደሚያካትት አስቀድሞ በጽሑፍ ሊገለጽ ይገባል። ይህን አውቆ የሄደ ወጣት የመጀመሪያዎቹን ከባድ ሳምንታት በትዕግሥት ያልፋቸዋል። ሳያውቅ የሄደው ግን እንደ ሽንፈት ሊቆጥራቸው ይችላል።

አገር አንድን ወጣት ለስድስት ዓመት ትምህርት ስትልክ የምትጠብቀው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ነው። ያ ሐኪም የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ለበሽተኛው የሚያደርግበት ቋንቋ የሚያዘው በመሰናዶ ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪው በመጀመሪያው የትምህርት ቀን በክፍሉ እንዲገኝና ፊደሉን ለይቶ እንዲደርስ ማድረግ የሚመለከታቸው አካላት ከወዲሁ ሊወጡት የሚችሉት ኃላፊነት ነው።